ስኳሩን ማን ጨረሰው? የአንድ የጋራ ቢሮ የአላቂ ዕቃና የምሳ በጀት፦ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

በሳምንት ሁለት ቀን የሒሳብ መዝገብ የምይዝለት አንድ የጋራ ቢሮ አለ። እዚያ በ2017 ዓ.ም የሆነውን መመዝገብ ያስፈለገኝ፣ ጉዳዩ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ቢሮዎች ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ነገሩ ስኳር፣ ቡና፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ውሃና አንድ ድስት ምሳ ነው። በእነዚህ ምክንያት ግን ሰዎች ተኳርፈዋል፤ አንዲት ምንም ያላጠፉ እናትም በዓይን ተጠርጥረዋል። የቢሮውንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹ ሁሉ ከራሳችን መዝገብ የወጡ ናቸው።

## ቦታውና ሰዎቹ

ቢሮው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባለ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም ሲከፈት 19 ተከራዮች ነበሩት፤ በ2017 መስከረም ላይ 28 ደርሰዋል። ተርጓሚዎች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ግራፊክስ ዲዛይነሮች፣ ሁለት አርክቴክቶችና አንድ አነስተኛ የጉዞ ወኪል በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ። የሚከፍሉት የወንበር ኪራይ ኢንተርኔትን፣ መብራትን፣ የመጠጥ ውሃን፣ ሻይና ቡናን እንዲሁም የንጽሕና ዕቃን ይጨምራል።

ጽዳቱን፣ ሻይ ቡናውንና ምሳውን የሚሠሩት ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። ቡናውን ጥሬውን ገዝተው፣ ራሳቸው ቆልተውና ወቅጠው፣ ጠዋት በ4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ጀበና ይጥዳሉ። ከሰዓቱ ጀበና መጀመሪያ አልነበረም፤ በ2016 መብራት በተደጋጋሚ በጠፋበት ሰሞን ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ተጀመረና በዚያው ቀረ።

ምሳው ከኪራዩ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ በአካባቢው ያሉ ምግብ ቤቶች ዋጋቸውን ደጋግመው ስለጨመሩ፣ ነሐሴ ላይ 22 ተከራዮች ተሰባስበው የጋራ ድስት ጣዱ። መዋጮው ለሁሉም እኩል፣ በወር 1,800 ብር ነበር። እንጀራው ከጋጋሪ ይመጣል፤ ወጡን እትዬ ይሠራሉ።

## ችግሩ

ለአላቂ ዕቃ በየወሩ የሚመደበው 9,000 ብር ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ አልተነካም። ተከራይ በዘጠኝ ሰው ሲጨምር፣ ጀበናው ሁለት ሲሆን፣ ዋጋ ሲንር፣ ያ መስመር በመዝገቡ ላይ እንደነበረ ተቀምጧል። እኔም መዝገቡን ስረከብ ዝም ብዬ ገልብጬዋለሁ።

መስከረም ላይ ወር በገባ በ20ኛው ቀን ስኳር አለቀ። ቀጥሎ ሶፍት፣ ቀጥሎ ቡና። ጥቅምትም እንደዚያው። አንድ ቀን ጠዋት የማእድ ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ «ስኳር የምትወስዱ ሰዎች እባካችሁ ለሌላውም አስቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ስም የለውም፤ ነገር ግን ያነበበ ሁሉ ዓይኑን ወዴት እንደላከ ግልጽ ነበር። ማታ ቢሮውን የሚዘጉት እትዬ ናቸው። በማግስቱ ወረቀቱን ራሳቸው አነሱት፤ ምንም ግን አልተናገሩም።

በዚያ ሳምንት በተደረገ ስብሰባ የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ ቁልፍ ነበር። ተገዛ፤ ቁልፉም እንግዳ ተቀባይዋ ጋር ተቀመጠ።

## ቁልፉ ያስከተለው

ዘጠኝ ቀን ቆየ። የስኳሩ ፍጆታ በአንድ ማንኪያ እንኳ አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር እትዬ በቀን ብዙ ጊዜ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ፊት ቆመው ቁልፍ መጠየቃቸው ነው፤ ያውም ተከራይና እንግዳ እያየ። በዘጠነኛው ቀን «ልጄ፣ ስኳሩ በተቆለፈ ቁጥር የሚቆለፈው በእኔ ላይ ነው» አሉኝ። ቁልፉን በዚያው ቀን አስወገድነው። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ፣ ከመቆለፋችን በፊት አንዲት ጥያቄ አለመጠየቃችን ነው፦ በቀን ስንት ሲኒና ስንት ብርጭቆ ይጠጣል? የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

## የዱቤ ደብተሩ

እውነቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ ከሕንጻው ሥር ካለው ሱቅ እስክሪብቶ ልገዛ ወረድሁ። ባለሱቁ ከየት ፎቅ እንደሆንሁ ጠየቀኝና «የእትዬን ሒሳብ አንተ ነህ የምትዘጋው?» አለኝ። ያልገባኝ መሆኑን ሲያይ ከመደርደሪያው ሥር የዱቤ ደብተሩን አወጣ።

ገጹ ላይ ከላይ የተጻፈው የእርሳቸው ስም ነው። ከሥሩ ያለው ዝርዝር ግን ሁሉም የእኛ ነው፦ ስኳር 2 ኪሎ፣ ሶፍት 4፣ ፈሳሽ ሳሙና 1፣ ስኳር 1 ኪሎ፣ በረኪና 1፣ ሻይ ቅጠል 2፣ እንደገና ስኳር 2 ኪሎ። ሦስቱ መስመሮች ተሰርዘዋል፤ ከኪሳቸው የከፈሏቸው ናቸው። የቀረው ሲደመር 7,260 ብር ነበር፤ ከአንድ ወር ደመወዛቸው ይበልጣል።

ወጥቼ ስጠይቃቸው ሌላም ነገር ሰማሁ። ለቤተሰባቸው ከሸማቾች ማኅበር በኮታ ያገኙትን ስኳር ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮ አምጥተዋል። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው «ሰው እንግዳ ይዞ መጥቶ ሻይ የለም እንዴት እላለሁ?» አሉኝ። እኛ ስኳር ይወስዳሉ ብለን በጠረጠርናቸው ወራት እርሳቸው ከቤታቸው ስኳር ያመጡልን ነበር። ይህን ለተከራዮቹ በስብሰባ ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ከስብሰባው በኋላ ወደ ማእድ ቤት ገብቶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ዕዳው በማግስቱ ተከፈለ። የቢሮው ባለቤት የተሰረዙትን ሦስት መስመሮችና የቤታቸውን ስኳር ዋጋ ጭምር መለሱ። ይህ ግን ሰው የመካስ ጉዳይ እንጂ የበጀት መፍትሔ አልነበረም። 9,000 ብሩ አሁንም በ20ኛው ቀን ያልቃል።

## የ12 ቀን ቆጠራ

ከኅዳር 2 እስከ 14፣ እሑድን ሳይጨምር ለ12 የሥራ ቀናት ሁሉንም ለመቁጠር ተስማማን። መቁጠሪያውን የፈጠሩት እትዬ ናቸው። የካርቶን ክዳን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፤ በግራ በኩል ለቤተኛ፣ በቀኝ በኩል ለእንግዳ፣ ለቀዱት ለእያንዳንዱ ሲኒና ብርጭቆ አንድ ጭረት። ስኳሩ ጠዋት ከነቆርቆሮው ይመዘናል፤ ማታም ይመዘናል።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። በቀን በአማካይ 104 ሲኒና ብርጭቆ ይቀዳል፤ ከዚህ 31ዱ የእንግዳ ነው። በ12 ቀን ያለቀው ስኳር 9 ኪሎ፣ ማለትም በቀን 750 ግራም ነው። ለአንድ መጠጥ ሲካፈል ወደ 7 ግራም ይደርሳል፤ አንድ ማንኪያ ተኩል አካባቢ። ከዚህ የዘለለ የጠፋ ነገር የለም።

ከዚያ የቆየውን እቅድ አወጣሁ። በ2015 የታሰበው ለወር 10 ኪሎ ስኳር ነበር። በአሁኑ አጠጣጥ 19 ሰው ያለ እንግዳ በ25 የሥራ ቀን 9 ኪሎ ያህል ይጨርሳል፤ እቅዱ ለጊዜው ትክክል ነበር ማለት ነው። 28 ሰው ሲሆን ከ13 ኪሎ በላይ ይሆናል። የእንግዳው ሲጨመር 19 ኪሎ ገደማ። ስኳሩን የጨረሰው ዘጠኝ አዲስ ሰውና በቀን ሠላሳ ያህል የእንግዳ መጠጥ ነው። ሁለቱም በመዝገቡ ውስጥ መስመር አልነበራቸውም።

በቡናው ላይ ደግሞ የእኔ የራሴ ስሕተት ተገኘ። እቅዱ የጥሬ ቡናን ኪሎ እንዳለ እንደሚጠጣ ቆጥሮታል። ቡና ሲቆላ ግን ከክብደቱ ከአሥር እጅ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ያህል ያጣል። ቡና ቆልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው አያየውም።

ውሃም የራሱ ታሪክ ነበረው። በተለመደ ቀን ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ይበቃል፤ አንዳንድ ቀን ግን ስድስት ያልቃል። ቀኖቹን ሳነጻጽር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የተቋረጠባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። የተገዛው የመጠጥ ውሃ ለእጅ መታጠቢያና ለሲኒ ማጠቢያ ይውል ነበር። አንድ ቧንቧ ያለው በርሜል ገዝተን ውሃ ባለበት ቀን መሙላት ስንጀምር ነገሩ በአንድ ሳምንት ተስተካከለ። ከወሰድናቸው እርምጃዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ያዳነልን ይህ ነው።

## በጀቱ እንዴት እንደገና ተሠራ

ጠቅላላ እውነተኛው የአላቂ ዕቃ ወጪ በወር 17,400 ብር ሆነ። በ28 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 620 ብር ገደማ ነው። በ2015 የነበረው 9,000 ብር ለ19 ሰው 474 ብር ያህል ስለነበር፣ መስመሩ ከሰው ቁጥር ጋር ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ከ13,000 ብር በላይ ደርሶ ነበር። ለባለቤቱ ያቀረብሁት ይህንኑ አንድ ገጽ ነው። የአዲሶቹ ዘጠኝ ሰዎች ኪራይ በገቢው በኩል ሲመዘገብ ቆይቷል፤ የሚጠጡት ቡና በወጪው በኩል አልተመዘገበም። አላመነቱም፤ መስመሩ ከዚያ ወዲህ በወንበር ቁጥር ይባዛል።

እንግዳን በተመለከተ ረጅም ክርክር ነበር። አንዳንዶች እንግዳ ይክፈል አሉ። ለአንድ ሳምንት ጀበናው አጠገብ የቴሌብር ቁጥር ለጠፍን። አልሠራም። የገባው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ እሱንም አንድ በአንድ መመዝገብ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነብኝ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ተርጓሚ ደንበኛዋን «ቡናው በክፍያ ነው» ማለት አቅቷት መንገድ ዳር ወዳለ ጀበና ቡና ይዛው ስትወጣ አየሁ። እንግዳ ቤትህ መጥቶ ውጭ ከተጋበዘ ቤቱ ምን ሊሆን ነው? ቁጥሩን አነሳነው። በምትኩ የስብሰባ አዳራሹ የሰዓት ኪራይ ላይ የእንግዳ ሻይ ቡና ታስቦ ተጨመረ፤ በወንበር ላይ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ በጠቅላላው በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ተሰጠው።

በጀቱ የሚጻፈው በመጠን ነው፦ 19 ኪሎ ስኳር፣ ይህን ያህል ጥሬ ቡና፣ ይህን ያህል ሶፍት። ዋጋው በየወሩ በ25ኛው ቀን ከሁለት ሱቅ ተጠይቆ አጠገቡ ይሞላል። ዋጋ ሲቀየር የሚቀየረው አንድ ዓምድ ብቻ ስለሆነ፣ «ለምን በዛ?» ለሚል ሰው የበዛው መጠኑ ይሁን ዋጋው ወዲያው ይታያል።

የግዢው ገንዘብ በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ቀድሞ በእትዬ እጅ ይገባል፤ ዓርብ ዓርብ ከደረሰኝና ከዱቤ ደብተር ጋር ይወራረዳል። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ወደ ቢሮው ስም ተቀይሯል። ማንም ሠራተኛ ለቢሮው ዕቃ ከኪሱ አንድ ብር እንዳያወጣ በጽሑፍ ተደንግጓል።

## የጋራው ድስት

ምሳው ከሁሉም ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም እኩል ይከፍላል፣ እኩል ግን አይበላም። በቆጠራው 12 ቀን ከመጣው 396 እንጀራ 98ቱ ተርፏል። ከዚህ 48ቱ በአራቱ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ወጡ የጾም ነው፤ ሽሮ ወይም ምስር። ነገር ግን አጥብቀው የሚጾሙት እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም፤ በ9 ሰዓት ደግሞ ድስቱ ቀዝቅዟል፣ እንጀራውም ደርቋል። የተረፈው ለድርቆሽ እየተባለ በጆንያ ይከማቻል። ሦስት ጆንያ ሞልቶ ነበር።

ሌላው ነገር ያሳፍረኛል። ሐሙስ ሐሙስ የሥጋ ወጥ ይሠራ ነበር። ከ22ቱ ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሥጋው ደግሞ የክርስቲያን ነው። በአገራችን አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስቱ ሰዎች ለሦስት ወር እኩል እየከፈሉ፣ ሐሙስ ሲሆን ሰላጣ በእንጀራ ይበሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም። አለማማረራቸውን እንደ መስማማት ቆጥረነዋል።

ታኅሣሥ ላይ ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛ፣ ድስቱ ሁልጊዜ የጾም ሆነ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። እንቁላል ወይም ሥጋ የፈለገ ከቤቱ ያመጣል። ሥጋ የለመዱ ሁለት ሰዎች ወጥተው ነበር፤ አንዱ በወሩ ተመለሰ። ሁለተኛ፣ ወርኃዊው መዋጮ ቀርቶ ክፍያው በሳህን ሆነ፤ አንድ ሳህን 75 ብር።

ለዚህም ቆርኪ ተጠቀምን። እያንዳንዱ ሰው ስሙ በማርከር የተጻፈበት የለስላሳ ቆርኪ አለው። ማታ ከመውጣቱ በፊት ነገ የሚበላ ከሆነ ቆርኪውን ከሁለት ሳህኖች በአንዱ ይጥላል፤ አንዱ የ6 ሰዓት፣ ሌላው የ9 ሰዓት ነው። እትዬ ቆርኪውን ቆጥረው ለጋጋሪዋ ይደውላሉ። ወር ሲያልቅ የምደምረው የቆርኪውን መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከበደን። በየቀኑ አምስት ስድስት ሰው ቆርኪ ሳይጥል ይመጣል፤ እትዬም የራሳቸውን ድርሻ እየሰጡ ይውላሉ። ይህን ስናይ በየቀኑ ሁለት ሳህን ብቻ ትርፍ እንዲታዘዝ፣ ከዚያ በላይ የመጣ ሰው ግን እንዳይስተናገድ ተወሰነ። የሚከለክለው ሰው እርሳቸው እንዳይሆኑም ትርፉ ሲያልቅ እንግዳ ተቀባይዋ ምልክት ትሰቅላለች።

ትልቁ ፈተና የካቲት ላይ መጣ። በ2017 ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገባ። ሁለቱ አጽዋማት በአምስት ቀን ልዩነት ተከታትለው መጡ። በቀን 19 ያህል የነበረው ሳህን፣ በ6 ሰዓት 5 በ9 ሰዓት 8 ሆነ። በቀድሞው አሠራር 33 እንጀራ በየቀኑ መጥቶ ከግማሽ በላይ ይተርፍ ነበር፤ የጾመው ሰውም ላልበላው ይከፍል ነበር። አሁን የታዘዘው እንጀራ ከቆርኪው ጋር ወረደ። ለ9 ሰዓቱ ድስት የሚበቃ ወጥ ተለይቶ ዘግየት ብሎ ይሠራል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 እስኪደርስ ድርቆሽ የሚሆን ጆንያ አላስፈለገንም።

## በጅምላ መግዛት

ዋጋ ሲጨምር ሁሉም ሰው በጅምላ እንግዛ ይላል። ሞክረናል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡናና ሳሙና በጅምላ መግዛት ጠቅሞናል፤ አይበላሹም፣ ዋጋቸውም ወደኋላ ሲመለስ አላየሁም። ሽንኩርት አንድ ጆንያ ስንገዛ ግን ሩቡ አቆጥቁጦና በስብሶ ተጣለ። ሰኔ ላይ የገዛነው 50 ኪሎ ስኳር በክረምቱ እርጥበት ተጣብቆ ከሥሩ ጉንዳን ወረረው። ከዚያ ወዲህ ስኳር ከወር ፍጆታ በላይ አይገዛም፤ አትክልት ከሳምንት በላይ አይገዛም።

## ሌላ ቦታ ሊሠራ የሚችለው

ጥርጣሬ በተነሳበት ቢሮ ሁሉ ቁልፍ ከመግዛት በፊት የሁለት ሳምንት ቆጠራ ይካሄድ። ካርቶንና እስክሪብቶ ይበቃል። እንግዳ ከቤተኛ ይለይ። የእኛ ቆጠራ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የተካሄደው የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ የጾሙን ወራት ፍጆታ አላሳየንም፤ የጾም ቀናት ከዓመቱ ብዙውን ስለሚይዙ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነበረብን።

ሁሉም የሚጠቀምበትን ሳሙና፣ ሶፍት፣ ውሃ በሰው ቁጥር ማካፈል ያስኬዳል። ምግብን ግን በሰው ቁጥር ማካፈል አያስኬድም፤ ጾም፣ እምነት፣ ጤናና የሥራ ጉዞ አሉበት። ሁለቱን በአንድ መዝገብ የቀላቀለ ቢሮ አንዱን ወገን ሳያውቅ ይበድላል።

የዕቃ ግዢውን የሚሠራው ሰው በኪሱ ስንት እንዳወጣ በቀጥታ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ደመወዙ ከሁሉም የሚያንሰው ሰው ነው፤ ሳይጠየቅም አይናገርም።

ጳጉሜንም አትርሱ። ኪራይ የሚሰበሰበው 12 ወር ነው፤ በጳጉሜ አምስት ቀን ግን ቡና ይጠጣል፣ ሶፍት ያልቃል። እኛ የአምስቱን ቀን ወጪ ለ12 ወር አከፋፍለን አስቀድመን እንይዛለን።

## ያልተፈታው

ሶፍት አሁንም ከታሰበው በላይ ያልቃል፤ ምክንያቱን አላገኘነውም። ከዚህ የሚከብደው ግን አሠራሩ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መንጠልጠሉ ነው። እትዬ ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ 10 ቀን ፈቃድ ወጥተው ነበር። ተተኪ ሠራተኛ ቀጠርን፤ ቡናው አልተቋረጠም፣ ድስቱም ተጥዷል። የነሐሴው ካርቶን ላይ ግን 10 ባዶ መስመሮች አሉ፤ ማንም ጭረት አላደረገም፣ ስኳሩም አልተመዘነም። አሁን እንግዳ ተቀባይዋ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ከእርሳቸው ጋር እየቆጠረች ትለማመዳለች።